ካርዱ ላይ ያሉት ቀኖች ምን ማለት ናቸው?

ግቢያችን ውስጥ አንዲት ወጣት እናት ተከራይታ ትኖራለች። የምትሠራው ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ልብስ ስፌት ላይ ነው። ባለፈው ኅዳር አንድ እሁድ ጠዋት ልጇን ታቅፋ ቡና ልትጠጣ መጣች። ወሬ ወሬን ሲያመጣው "ልጁ ክትባቱን ጨረሰ?" አልኳት። "አዎ፣ ሦስቱንም ጨርሷል" አለችኝ። እስቲ ካርዱን አምጪው አልኳት። ከፌስታል አውጥታ ሰጠችኝ። አራት ቦታ ታጥፏል፣ አንዱ ጥግ ወተት ነክቶታል። የተወለደ ጊዜ የተሰጠው ተጽፏል። የ45 ቀኑ አለ። የሁለት ወር ተኩሉ አለ። የሦስት ወር ተኩሉም አለ። ከዚያ በታች ያሉት ግን ባዶ ናቸው። ልጁ አሥር ወር ተኩል ሞልቶታል።

"ሦስቱን ጨርሷል" የምትል እናት ብዙ ሰምቻለሁ። ክትባት ሦስት ብቻ ይመስለናል። ይህን የምጽፈው ለእነዚህ እናቶችና ለአባቶች ነው። አባቶች ያልኩት አውቄ ነው፤ ካርዱ የት እንደተቀመጠ የሚያውቅ አባት ሰፈራችን ውስጥ ብዙም አላየሁም። ሲስተሮቹ ቀን ይጽፉልናል፣ እኛም ይዘን እንሄዳለን። ቀኑ ለምን ያ ቀን እንደሆነ ግን ቁጭ አድርጎ የሚነግረን የለም። ለምን እንደሆነ ያላወቁትን ቀጠሮ መርሳት ደግሞ ቀላል ነው።

መጀመሪያ ክትባት ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ የሚሸጥበት አሞራ ገደል ሄዳችሁ ዓሣ የሚበልቱትን ልጆች አይታችሁ ይሆናል። አዲስ የመጣ ልጅ ቆሮሶ የምትባለውን አንዷን ዓሣ ሲያገላብጥ ይቆያል፣ እጁንም ይቆርጣል። የለመደው ግን ከጓደኛው ጋር እያወራ፣ ዓይኑን ሳይጥል ፊሌቶውን አውጥቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የሕፃን ሰውነትም እንደዚሁ ነው። አንድን ጀርም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያገኘው መከላከያውን ለማዘጋጀት አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። ሁለተኛ ሲያገኘው ግን በፍጥነት ነው የሚነሣው። ችግሩ ኩፍኝና ትክትክ ያን ሁለት ሳምንት አይሰጡም። ሰውነቱ እስኪማር ድረስ እነሱ ሥራቸውን ይሠራሉ። ክትባት ውስጥ ያለው ጀርም ወይ የሞተ ነው፣ ወይ እንዲደክም የተደረገ ነው፣ ወይ ደግሞ ቁራጩ ብቻ ነው። ጤነኛ ሕፃንን የሚያሳምም አቅም የለውም፤ መልኩ ግን ያው ነው። ልጁ ሳይታመም ይለማመድበታል። እውነተኛው በሽታ ሲመጣ የለመደ እጅ ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ ካርዱ እንመለስ።

እንደተወለደ ክንዱ ላይ የሚወጋው ቢሲጂ ነው፣ የቲቢ ክትባት። ሕፃናትን በተለይ የሚጠብቃቸው ወደ አንጎል ሽፋንና ወደ መላ ሰውነት ከሚሰራጨው ከባድ ቲቢ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የተወጋበት ቦታ ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ትንሽ ፈሳሽ ይወጣዋል፣ ከዚያ ጠባሳ ትቶ ይድናል። ብዙ እናት እዚህ ላይ ትደነግጣለች። ክትባቱ እየሠራ ነው። ቅቤም ቅባትም ቅጠልም አትቀቡት፣ ንጹሕና ደረቅ አድርጋችሁ ተዉት። በዚያው ጊዜ ሁለት ጠብታ የፖሊዮ ክትባት በአፉ ይሰጠዋል። ፖሊዮ ማለት የልጅነት ልምሻ የምንለው ነው።

ቀጥሎ የ45 ቀኑ አለ። እኛ 45 ቀን እንላለን እንጂ በጤና ባለሙያዎቹ አቆጣጠር ስድስት ሳምንት፣ ማለትም 42 ቀን ነው። ከዚያ በአራት በአራት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ይደገማል፤ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት። ጭኑ ላይ ከሚወጋቸው አንዷ መርፌ አምስት ክትባት በአንድ የያዘች ናት፣ ፔንታቫለንት ይሏታል። ዘጊ አናዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ጉበትን የሚጎዳው ሄፓታይተስ ቢ፣ እና ማጅራት ገትርና የሳንባ ምች የሚያመጣው ሂብ የተባለ ባክቴሪያ። ይህቺ መርፌ ወደ አገራችን የገባችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። የሳንባ ምች ክትባት በ2011፣ በአፍ የሚሰጠው የሮታ ተቅማጥ ክትባት በ2013 ተጨመሩ። መደበኛው የክትባት ፕሮግራም በ1980 ሲጀመር የሚከላከለው ስድስት በሽታ ብቻ ነበር። እኛ ልጆች ሳለን ያልነበረ ጥበቃ ልጆቻችን አላቸው ማለት ነው፤ ያውም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ።

ለምን በ45 ቀን? አንደኛ፣ የልጁ ሰውነት በዚህ ዕድሜ ለእነዚህ ክትባቶች በቂ መልስ መስጠት ይችላል። ሁለተኛ፣ ከዚህ በላይ መቆየት ያስፈራል። ትክትክን እንውሰድ። ከፍ ያለ ልጅ ሲይዘው እየሳለ፣ ትንፋሹን እየሳበ ሲጮኽ ይሰማል። የሁለት ወር ሕፃን ግን ላይስል ይችላል። ዝም ብሎ ትንፋሹ ይቋረጣል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። እናቱ ጉንፋን መስሏት ታቅፈዋለች። ትክትክ የሚገድለው በአብዛኛው እነዚህን ትንንሾቹን ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልበል። ሴት ልጅ የወለዱ አንዳንድ እናቶች ክርስትናዋ በሰማንያ ቀን ስለሆነ እስከዚያ ከቤት አልወጣም ይላሉ። ልማዱን አከብራለሁ፣ እኔም በዚያው ነው ያደግሁት። ግን ቁጠሩት። ሰማንያ ቀን መጠበቅ ማለት የ42ኛውን ቀን ብቻ ሳይሆን የ70ኛውንም ቀን ማሳለፍ ነው። ሁለት ክትባት ገና ከአራስ ቤት ሳይወጡ ያልፋሉ። ልጅቷን ሸፍኖ፣ በባጃጅ ደርሶ መመለስ ይቻላል።

ለምን ሦስት ጊዜ? ዓሣ የሚበልተውን ልጅ አስታውሱ። አንድ ጊዜ ማየት አይበቃውም። ከመጀመሪያው ዶዝ የሚገኘው ጥበቃ ደካማ ነው፣ በሁለተኛው ይጠነክራል፣ በሦስተኛው ረጅም ጊዜ የሚቆይ ይሆናል። በመካከል ያለው አራት ሳምንትም ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም፤ ሰውነቱ የተማረውን አጣርቶ ለሚቀጥለው የሚዘጋጅበት ነው። ስለዚህ ቀኑን አሳጥሮ ቶሎ ቶሎ መውሰድም አይጠቅምም።

"በአንድ ቀን ሁለት ሦስት መርፌ አይበዛበትም ወይ?" የሚለውን ጥያቄ አውቀዋለሁ። እኔም ጠይቄዋለሁ። ሕፃን በቀን ስንት ጀርም እንደሚያገኝ አስቡ። ምንጣፉን ይልሳል፣ ጣታችሁን ይጠባል፣ የመጣው እንግዳ ሁሉ ጉንጩን ይስመዋል። ሰውነቱ ይህን ሁሉ ይችላል። መርፌዎቹ ውስጥ ያለው ከዚያ ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነው። ማታ ሊያተኩሰው፣ ጭኑ ሊያብጥ፣ ሊነጫነጭ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቀዋል። ጡት አዘውትራችሁ ስጡት፣ የሚያስታግስ መድኃኒት ካስፈለገ መጠኑን ባለሙያ ጠይቁ። ትኩሳቱ ከቆየ፣ ወይም ልጁ ጡት እምቢ ካለ ሐኪም ይየው።

ስለ ፖሊዮ አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። አልፎ አልፎ የዘመቻ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ጠብታ ይሰጣሉ፣ የልጁንም ጣት በቀለም ያቀልማሉ። ከዚያ በኋላ "ቤት ድረስ መጥተው ከትበውታል" ብለው ካርዱን የሚረሱ አሉ። የዘመቻው ጠብታ ለፖሊዮ ብቻ ነው። ትክትኩን፣ የሳንባ ምቹን፣ ኩፍኙን አይነካም። ለፖሊዮም ቢሆን ተጨማሪ ነው እንጂ ምትክ አይደለም። የዱር የሚባለው የፖሊዮ ቫይረስ ከአፍሪካ መጥፋቱ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2020 ተረጋግጧል። ይሁን እንጂ ክትባት ባልተዳረሰበት አካባቢ ከደካማው የክትባት ቫይረስ ተለውጦ የሚነሣ ሌላ ዓይነት አለ፤ አገራችንም ውስጥ ተከስቷል። መፍትሔው ያው ነው፣ ልጆች ሁሉ እንዲከተቡ ማድረግ። በሦስት ወር ተኩል ከጠብታው በተጨማሪ የፖሊዮ መርፌ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ጠብታው አንጀት ውስጥ ይጠብቃል፣ መርፌው ደግሞ ደም ውስጥ ሆኖ ሽባነትን ይከላከላል።

አሁን ባዶ ወደሆኑት ረድፎች ደረስን። ዘጠኝ ወርና አሥራ አምስት ወር። ሁለቱም ላይ የኩፍኝ ክትባት አለ።

ኩፍኝን እንንቀዋለን። "ልጅ ሁሉ የሚያልፍበት ነው" ተብሎ ነው ያደግነው። የወጣበት ልጅ ጨለማ ክፍል ይተኛል፣ መርፌ አይነካውም፣ ሐኪም ቤት አይወሰድም ይባላል። ይህ እምነት ብዙ ልጅ በልቷል። ኩፍኝ የሚገድለው በሽፍታው አይደለም፤ ተከትሎት በሚመጣው የሳንባ ምችና ተቅማጥ ነው። የቫይታሚን ኤ እጥረት ያለበትን ልጅ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ሌላ ክፋትም አለው። ሰውነት ከሌሎች በሽታዎች የተማረውን ያስረሳዋል። የለመደው እጅ እንደገና ጀማሪ ይሆናል። ልጁ ከኩፍኝ ድኖም ከወራት በኋላ በሌላ በሽታ የሚወድቀው ለዚህ ነው።

ተላላፊነቱ ደግሞ የሚያክለው የለም። ከፒያሳ ወደ መናኸሪያ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ሳለ እንበል። ልጁ ወርዶ ከሄደ በኋላም ቫይረሱ በተዘጋ ቦታ አየር ላይ እስከ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ቀጥላ የተሳፈረች እናት ያቀፈችው ሕፃን ታማሚውን ሳያየው ይይዘዋል። ማንም ባልተከተበበት ሕዝብ ውስጥ አንድ ታማሚ ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል።

ታዲያ ይህን ያህል የሚያስፈራ ከሆነ ለምን በ45 ቀን አይሰጥም? ምክንያቱ እናትየዋ ናት። ልጁ ማህፀን ሳለ ከእናቱ ደም በሽታ ተከላካይ ነገሮችን ወስዷል። እነዚህ ለወራት አብረውት ይቆያሉ። ክትባቱን በዚያ ጊዜ ብንሰጠው የእናቱ መከላከያ ክትባቱን ራሱን ያጠፋዋል፣ ልጁም ሳይማር ይቀራል። የእናቱ ስንቅ እየሳሳ የሚሄድበት፣ የልጁ አደጋ ደግሞ የሚጨምርበት ጊዜ ዘጠኝ ወር ግድም ነው። ቀኑ ቢዘገይ ልጁ ያለ እናቱ ስንቅም ያለ ክትባትም ይቆያል። የግቢያችን ልጅ ያን ቀን የነበረው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

በዘጠኝ ወር የተከተቡ 100 ልጆች ውስጥ 85 ያህሉ ጥበቃ ያገኛሉ። 15ቱ የእናታቸው ስንቅ ገና ስላላለቀ ወይም በሌላ ምክንያት አይማሩም። ማናቸው እንደሆኑ በዓይን አይተን መለየት አንችልም። የ15 ወሩ ሁለተኛ ዶዝ በዋናነት ለእነዚህ የተሰጠ ሌላ ዕድል ነው። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ቀበሌ ውስጥ ከ100 ልጅ 80ው የመጀመሪያውን ብቻ ቢወስድ ጥበቃ ያገኙት 68 ናቸው። 32ቱ ክፍት ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ 32 ይጨመራል፣ ከዚያ ሌላ። በሦስት ዓመት ውስጥ ኩፍኝ ሲገባ የሚነድ ብዙ ጭራሮ ይጠብቀዋል። ኩፍኝን ለማስቆም ከ100 ልጅ 95ቱ ሁለቱንም ዶዝ መውሰድ አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ልጆች መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የወሰዱት ከ100 ውስጥ 39 ነበሩ። በ2023 ግምት ደግሞ አንድም የፔንታ ዶዝ ያላገኙ ሕፃናት ከ900 ሺህ በላይ ነበሩ።

ክትባት እንደሚሠራ ምስክሩ ሩቅ አይደለም። ፈንጣጣ ፊታቸውን የበሳሳቸው ሽማግሌዎች አሁንም በሕይወት አሉ፤ ልጆቻቸው ላይ ግን አታዩትም። የአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ነበር። በዓመቱ ሶማሊያ ውስጥ የዓለም የመጨረሻው ተገኘ፣ በ1980 በሽታው መጥፋቱ ታወጀ። በ2024 የወጣ የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት በ50 ዓመት ውስጥ ክትባት 154 ሚሊዮን ሕይወት እንዳተረፈ ያሳያል። ከእነዚህ 60 በመቶ ያህሉን ያተረፈው የዚሁ የምንንቀው በሽታ፣ የኩፍኝ ክትባት ነው።

ወደ ልጅቷ፣ ወደ ግቢያችን ወጣት እናት ልመለስ። "ለምን የዘጠኝ ወሩን አልወሰድሽውም?" ስላት ዓይኗ ውኃ ሞላ። "ሄጄ ነበር እኮ። ልጅ ስላልሞላ አይከፈትም፣ ሐሙስ ነይ አሉኝ። ሐሙስ ደግሞ ሥራ ነኝ።" ከዚያ በኋላ ቀኑ አለፈ። ቀኑ ካለፈ ይቆጡኛል ብላ ፈራች። ፈርታ ቀረች።

"አይከፈትም" ያሉት ምኑን ነው? የኩፍኝ ክትባት ዱቄት ሆኖ በትንሽ ብልቃጥ ይመጣል። አንዷ ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ ለአሥር ልጅ ትሆናለች። በውኃው ከተበጠበጠች በኋላ ቢበዛ ስድስት ሰዓት ነው የምትቆየው፤ ከዚያ ትጣላለች። ካለፈ ክትባቱ ይደክማል፣ ባክቴሪያም ሊራባበት ስለሚችል አደገኛ ይሆናል። አንድ ልጅ ይዛችሁ ስትሄዱ ሲስተሯ የምታየው ዘጠኝ ዶዝ ሲደፋ ነው። ጭንቀቷ ይገባኛል። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ለአንድ ልጅም ቢሆን እንዲከፈት ነው። የሚደፋው ሲታቀድ ጀምሮ የሚታሰብ ነው። ተመልሶ ያልመጣ ልጅ ግን በምንም አይተካም። ስለዚህ "ሐሙስ ነይ" ከተባላችሁ በትሕትና "ሲስተር፣ ሐሙስ አይመቸኝም፣ መመለስ አልችልም" በሉ። አፍራችሁ ዝም አትበሉ።

መብራት በጠፋ ቁጥር "ክትባቱ ተበላሽቶ ይሆናል" ብለው የሚጨነቁም አሉ። ክትባት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው። ብልቃጡ ላይ ትንሽ ክብ ምልክት አለች፣ ውስጧ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን አለ። ሙቀት እየነካው ሲሄድ አራት ማዕዘኑ እየጠቆረ ይሄዳል። ከክቡ ጋር እኩል ከጠቆረ ወይም ከበለጠ ያ ብልቃጥ ለማንም አይሰጥም። ሲስተሯ ይህን አይታ ነው የምትወጋው። እናንተም አሳዪኝ ብትሉ ነውር የለውም።

ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ስለሚዞረው ወሬም ልናገር። ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1998 እንግሊዝ አገር 12 ልጆች ላይ ተሠራ በተባለ ጽሑፍ ነው። መረጃው ተዛብቶ ተገኘ፣ መጽሔቱ በ2010 ጽሑፉን ሰረዘው፣ ሐኪሙም የሥራ ፈቃዱን አጣ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር በብዙ ሺህ ልጆች ላይ ተጠንቶ ግንኙነት አልተገኘም። ያኛው ወሬ ግን አሁንም በአማርኛ ተተርጉሞ ይላክልናል።

ከሁሉ በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ቀን አለፈ ማለት በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም። አንድ ዶዝ የቀረበት ልጅ ከመጀመሪያው አይጀምርም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። የዕድሜ ገደብ ያላቸው ጥቂት ክትባቶች አሉ፣ የትኛው እንደሚሰጠው ባለሙያዋ ታውቃለች። ካርድ የጠፋበትም ይሂድ፤ ጤና ጣቢያው መዝገብ አለው። ቤት ቀይራችሁ ወይም ከገጠር መጥታችሁ ከሆነ የተከተባችሁበት ቦታ መመለስ የለባችሁም፣ ቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ይበቃል። ትንሽ ጉንፋን ወይም ቀላል ትኩሳትም ክትባት አያስቀርም። እርጉዝ የሆናችሁ ደግሞ የራሳችሁን የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት አትርሱ። ያ ጀርም አፈር ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ ጎረቤት ሁሉ ቢከተብ ለእናንተ ልጅ አይተርፍም። አራስ ልጅን የሚጠብቀው ከእናቱ የወሰደው ብቻ ነው።

ያን ሳምንት ልጅቷ አለቃዋን ለምና የሐሙስን ጠዋት አስፈቀደች። አብሬያት ሄድኩ። ሰባት ልጆች ነበሩ። ሲስተሯ ብልቃጧን በጠበጠችና የተከፈተበትን ሰዓት በእስክሪብቶ ጻፈችባት። የእኛ ተራ ሲደርስ ካርዱን ዘርግታ አየችው። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ሲስተሯ ግን "ጎሽ፣ እንኳን መጣሽ" ብቻ ነው ያለቻት። ልጁ ክንዱን ተወጋ፣ ጮኸ፣ ጡት ሲጎርስ ዝም አለ። ከሳምንት በኋላ ትንሽ ሊያተኩሰው ወይም ቀላል ሽፍታ ሊወጣበት እንደሚችል፣ ያም በራሱ እንደሚጠፋ ተነገረን። ባዶ ከነበሩት ረድፎች አንዱ ተሞላ። ከሥሩ ባለው ላይ ሲስተሯ "ሚያዝያ" ብላ ጻፈች። ልጅቷ ካርዱን ወደ ፌስታሉ መልሳ፣ ባጃጅ ላይ ሆና ሚያዝያ በየትኛው ሺፍት እንደምትገባ በጣቷ መቁጠር ጀመረች።